ከግድግዳው ወዲያ

በልጅነቴ ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ፣ ከእኛ ክፍል በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ የምትለይ ክፍል ነበረች። «ከተማ ትማራለች» ተብላ ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ እዚያ ትኖር ነበር። ማታ ማታ ልቅሶዋ ይሰማናል። እናቴ ታማትባለች፤ አባቴ «የሰው ገበና ነው» ይልና የራዲዮኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። አንድ ቀን ልጅቱ ከግቢው ጠፋች። ወዴት እንደ ሄደች የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ያቺን ልጅ ያስታወሰችኝ የኒው ዮርኳ ሜሪ ኤለን ናት። እ.ኤ.አ. በ1873 መገባደጃ፣ ድሆችን እየዞረች የምትጠይቅ ኤታ ዊለር የተባለች ሴት፣ አሳዳጊዋ ስለምታሠቃያት አንዲት ልጅ ከጎረቤቶቿ ሰማች። ፖሊስ ዘንድ ሄደች፤ ማስረጃ አምጪ አሏት። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ጠየቀች፤ ልጅቱ በሕግ ከመጣችልን እንቀበላታለን አሏት። ወራት አለፉ። በመጨረሻ የሄንሪ በርግን ደጅ ጠናች። በርግ በ1866 የእንስሳት ጥበቃ ማኅበርን የመሠረተ ሰው ነበር።

ልጅቱ «እንስሳ ናት» ተብሎ ስለ ተከራከሩላት ዳነች የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። በርግ እንደ አንድ ዜጋ ቆመ፤ ኤልብሪጅ ጌሪ የተባለው ጠበቃም ጉዳዩን ያዘ። በሚያዝያ 1874 የአሥር ዓመት ገደማ የሆነችው ሜሪ ኤለን በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ችሎት ገባች፤ ፊቷ ላይ የመቀስ ቁስል ነበር። አሳዳጊዋ አንድ ዓመት ተፈረደባት። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ ሕፃናትን ከጭካኔ የሚጠብቅ ማኅበር በኒው ዮርክ ተመሠረተ፤ በዓለም የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገርለታል።

ቀድሞ ይገርመኝ የነበረው እንስሳት ከሕፃናት ቀድመው ጠባቂ ማግኘታቸው ነበር። አሁን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ልጅን ማሠቃየት የሚከለክል ሕግ ያኔም በኒው ዮርክ ነበረ። ያልነበረው «ይህ የእኔ ሥራ ነው» የሚል ሰው ነው። የማኅበሩ ሥር የበርግ ዝና ወይም የጌሪ ሕግ አዋቂነት ብቻ አይደለም፤ የሰማችውን ሰምታ ዝም ማለት ያቃታት ጎረቤት ናት።

በእኛም ሰፈር ዕድር ነበረ፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። ያቺ ልጅ ብትሞት ኖሮ ሁላችንም ወጥተን በቀበርናት ነበር። በሕይወት ሳለች ግን በሯን ያንኳኳ አልተገኘም። ወላጆቼን ክፉዎች ነበሩ ለማለት አልደፍርም፤ ደግ ሰዎች ነበሩ። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

ሜሪ ኤለንን የዊለር ቤተ ሰዎች አሳደጓት። አገባች፤ ሴት ልጅ ስትወልድም ስሟን ኤታ አለቻት። እስከ 1956 ድረስ ኖራ በዘጠና ሁለት ዓመቷ ዐረፈች።

የእኛይቱን ልጅ ስም ግን እኔ አላውቀውም። አጠገቧ የኖርነው ሁለት ክረምት ነበር።