ገብቷል እንጂ አልያዘም

መመሳሰልና መግጠም ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በዓይን ሲታዩ የአንድ እናት ልጆች የሚመስሉ፣ አንዱን ከሌላው ጋር ለማያያዝ ሲሞከር ግን ባዕድነታቸው የሚገለጥ ብዙ ነገሮች አሉ። ይህን ያስተማረኝ የፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም፤ መዳፍ የማትሞላ አንዲት የአሉሚኒየም ቁራጭ ናት።

ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ያውቋታል፤ «ፕሌት» ይሏታል። በካሜራው ሆድ ሥር በአንድ ብሎን ትታሰራለች፤ እርሷ ደግሞ በተራዋ በትራይፖዱ ራስ ላይ ባለው መያዣ መንጋጋ ውስጥ ትገባለች። ካሜራውን ለማንሳትና ለመመለስ በየጊዜው ብሎን መፍታትና ማሰር ሳያስፈልግ፣ መያዣውን ማላላትና ማጥበቅ ብቻ ይበቃል። በስንት ጊዜ ቁጠባ የተገዛ ካሜራ ከምድር አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ የሚቆመው፣ በዚህች ቁራጭና በዚያ መንጋጋ መካከል ባለው ስምምነት ነው።

የእናቴ ወንድም በሕይወት ሳሉ የሠርግና የክርስትና ፎቶ ያነሱ ነበር። ሲያርፉ ትራይፖዳቸው ለእኔ ደረሰኝ። ከባድ ነው፤ እጃቸው ይይዘው በነበረበት በኩል ቀለሙ ተልጧል፤ እግሮቹ ግን ዛሬም አይነቃነቁም። ችግሩ ከራሱ ላይ ነው። መያዣው የሚቀበለው ባለ ስድስት ማዕዘን ፕሌት ብቻ ሲሆን፣ ያች ፕሌት ከመጨረሻው ካሜራቸው ጋር አብራ ሄዳለች። ያ ሁሉ ብረት በአንዲት ቁራጭ እጦት ሥራ ፈት ሆኖ ጥግ ቆመ። ዘመዶች «ለቆራሌው ስጠው» አሉኝ። እናቴ ምንም አላለችም፤ ነገር ግን ቤት ስትጠርግ ትራይፖዱን እንደ ሰው ከቦታው አንሥታ፣ ሥሩን ጠርጋ፣ መልሳ ታቆመው ነበር።

ለእኔ ካሜራ የያዝኳት ፕሌት የሌላ ወገን ናት። ከሚታወቁት ወገኖች አንዱ የጣሊያኑ ማንፍሮቶ ነው፤ የራሱ ቅርጽ ያላቸው፣ ከላይ ሲቀመጡ ቀጭ ብለው የሚቆለፉ ፕሌቶች አሉት። ያውም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ የአንዱ ሞዴል ፕሌት ለሌላው ሞዴል ራስ ላይሆን ይችላል። ሌላው በአርካ ስዊስ ስም የሚጠራው ነው፤ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ሁለቱ ጎኖቹ በ45 ዲግሪ የተዘለሉ ሆነው በሁለት መንጋጋዎች መካከል የሚያዝ ቀላል ቅርጽ ነው። ቀላል በመሆኑም ብዙ አምራቾች ተከተሉት፤ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት እርሱ ነው።

ሆኖም ይህ ቅርጽ በልማድ የጸና እንጂ፣ ሁሉም አምራች የሚገዛለት የጋራ ሰነድ የለውም። ስለዚህ የአንዱ ፕሌት ከሌላው በጥቂት የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ይሰፋል ወይም ይጠባል። መዘውሩን በጣት እያዞሩ የሚያጠብቁት መያዣ ይህን ልዩነት ይችለዋል፤ እስኪነካ ድረስ ይጠጋል፣ ከነካ በኋላም ይጠብቃል። ባለ ማንሻው መያዣ ግን ፈጣን ነው፤ ማስተካከያ ካልተበጀለት በቀር ሁልጊዜ እዚያው ልክ ላይ ይዘጋል። ፕሌቷ ጥቂት ከሰፋች አይዘጋም፤ ጥቂት ከጠበበች ደግሞ ይዘጋል፣ ግን አይዝም። የሚያስፈራው ይህ ሁለተኛው ነው። እምቢ ያለ መያዣ ቢያንስ እውነቱን ተናግሯል።

በባንክ መስኮት ጀርባ ውሎዬም ከዚህ አይርቅም። የደንበኛውን ፊርማ በመዝገብ ካለው ናሙና ጋር አስተያያለሁ። ማንም ሰው ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ ዓይነት አድርጎ አይፈርምም፤ የአዛውንት እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የቸኮለ ሰው ጅራቱን ያስረዝማል። እንደ ማንሻው ግትር ብሆን ባለቤቱን ከገንዘቡ እከለክላለሁ፤ ያለ ልክ ብላላ ደግሞ የአንዱን ንብረት ለሌላው አሳልፌ እሰጣለሁ። የመዘውሩ ጥበብ ልዩነትን መቻሉ ብቻ አይደለም፤ እስኪይዝ ድረስ መጥበቁም ጭምር ነው።

ስድስት ማዕዘኗን ፕሌት በገበያ ባጣት፣ መርካቶ አንድ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌው ባለሙያ የመያዣውን ጎድጓዳ በካሊፐር ለኩ፤ ከአሉሚኒየም ቆርጠው፣ ጠርዟን በሞረድ እያለሰለሱ አንዲት ፕሌት አበጁልኝ። መያዣው ውስጥ አስገቧት፤ ማንሻው ተዘጋ። እኔ በደስታ ገንዘቤን ስቆጥር እርሳቸው በአውራ ጣታቸው ገፋ፣ ገፋ አደረጓት። ከዚያም «ልጄ፣ ገብቷል እንጂ አልያዘም፤ ዕቃህን አትስቀልበት» አሉኝ። ዋጋቸውን ተቀብለው ዝም ማለት ይችሉ ነበር፤ የጉልበታቸውንም እንኳ በግድ ነው የተቀበሉኝ።

መፍትሔውን ያሳዩኝም እርሳቸው ናቸው። ራሱን ጨብጠው በኃይል ወደ ግራ አዞሩት፤ ከእግሮቹ ተፈታ። ከሥሩ አንድ ብሎን ብቅ አለ፤ ውፍረቱ የኢንች ሦስት ስምንተኛ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያስደነቀኝ። በላይኛው ፎቅ እያንዳንዱ አምራች የራሱን በር ሲያበጅ፣ መሠረቱ ግን የጋራ ነው። ካሜራን የምታስረው የኢንች አንድ አራተኛ ብሎንና ይህቺ ወፍራሟ እህቷ ISO የሚባለው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት በቁጥር 1222 የደነገጋቸው ናቸው። የሐሳቡ ሥር ደግሞ ጥንታዊ ነው፤ እያንዳንዱ ወርክሾፕ የራሱን ጥርስ በሚቆርጥበት ዘመን፣ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትወርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 የብሎን ጥርስ ሁሉ አንድ ልክ ይኑረው ሲል ሐሳብ አቀረበ። በእርሱ ልክ የኢንች አንድ አራተኛ ብሎን በአንድ ኢንች ርዝመት 20 ጥርስ አለው። የዛሬዋም የካሜራ ብሎን በኢንች 20 ጥርስ አላት።

ባለ መዘውር መያዣ ያለው ሌላ ራስ ገዝቼ በአጎቴ እግሮች ላይ አሰርኩት። ጠበቀ። ካሜራውን ሰቅዬ እንደ ሽማግሌው በአውራ ጣቴ ገፋ፣ ገፋ አደረግሁት፤ አልተነቃነቀም። የመጀመሪያውን ፎቶ እናቴን ነው ያነሣሁት። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች፤ ቆማ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሌንሱን ሳይሆን ቀለማቸው የተላጠውን ሦስቱን እግሮች እያየች ተነሣች።