ከወንድም ጋሼ ጋር ወደ ዴልሂ

በረራው

ከቦሌ እስከ ኒው ዴልሂ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ወንድም ጋሼ አብዛኛውን መንገድ ቆሞ ተጓዘ። ለዓመታት በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ አሁን መቀመጥ ተስኖታል። ሕመሙ ከወገቡ ተነሥቶ በቀኝ ጭኑ በኩል እስከ እግሩ አውራ ጣት ይወርዳል፤ ሲያስል ይብስበታል። በወጌሻ ታሽቷል፣ ጠበል ተጠምቋል፣ ፊዚዮቴራፒ ተመላልሷል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አውራ ጣቱን ቀና ማድረግ አቃተው፤ ሲራመድም የጫማው አፍንጫ መሬት ይጠርጋል። ለጉዞ ያስነሣን ይህ ነው።

ደቡብ ዴልሂ

ኅዳር ነውና ከተማዋ በጭስ ታፍናለች። ከእንግዳ ማረፊያችን ወደ ሆስፒታሉ የወሰደን አረንጓዴና ቢጫ ባጃጅ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ወንድም ጋሼ ጥርሱን ይነክሳል። በመጠበቂያው አዳራሽ ኢራቃዊው፣ አፍጋኑ፣ ናይጄሪያዊው፣ ኡዝቤኩ የኤምአርአይ ፎቶውን ታቅፎ ተራውን ይጠብቃል። ከጎንደር የመጡ አንዲት እናት አጠገባችን ነበሩ፤ ልጃቸው መሬት ሸጦ ነው ያመጣቸው። ከሐኪሙ ክፍል ሲወጡ «ቀዶ ጥገና አያስፈልግዎትም፣ እንቅስቃሴና መድኃኒት ይበቃል አሉኝ» ብለው ነገሩን። ደስታውም ቁጭቱም ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

ሐኪሙ ፊት

አስተርጓሚያችን እዚሁ የምትማር ያገራችን ልጅ ናት። ሐኪሙ ፎቶውን እያሳዩ አስረዱን። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ዙሪያው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረበ ጠንካራ ቀለበት፣ መሐሉ ደግሞ ለስላሳ ነው። ቀለበቱ ሲሰነጠቅ ለስላሳው ወደ ኋላ ያፈተልክና ነርቭ ይጫናል። የወንድም ጋሼ የተጎዳው ዲስክ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዱትም ይኸኛውና ከሥሩ ያለው ዲስክ ናቸው።

«ዝም ብዬ ብጠብቅስ፣ ዶክተር?» አለ ወንድም ጋሼ።

ሐኪሙ ጥያቄውን አከበሩለት። በአብዛኛው ሰው ላይ ሕመሙ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይቀላል፤ ያፈተለከውን ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ያጠፋዋል። ኔዘርላንድስ ውስጥ በ283 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ቶሎ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ፈጥነው እንደሚሻላቸው አሳይቷል። ከዓመት በኋላ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶው አገግሟል። እንዲጠብቁ ከተደረጉት ውስጥም 39 በመቶው ኋላ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል።

«የእርስዎ ግን እግርዎ እየደከመ ነው፤ ነርቩን ከዚህ በላይ ማስጠበቅ አይገባም» አሉት።

የቀዶ ጥገናው ማለዳ

ኦፕራሲዮን ክፍሉ ደጃፍ ተቀምጬ ይህን ጻፍሁ። በ1934 እ.ኤ.አ. የቦስተኖቹ ሚክስተርና ባር የእግር ሕመሙ ምንጭ ያፈተለከ ዲስክ መሆኑን ሲያስረዱ፣ ሕክምናው ሰፊ ቁርጥና ብዙ አጥንት ማንሳት ይጠይቅ ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. ያሳርጊል ከዙሪክ፣ ካስፓር ከጀርመን በማይክሮስኮፕ የሚሠራውን ዘዴ አቀረቡ። በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያኑ ፎሌይና ስሚዝ ጡንቻውን ከአጥንቱ ሳይገፍፉ በቱቦ መግባትን አመጡ።

ወንድም ጋሼ የሚደረግለት ይኸው የቱቦው ነው። ሰመመን ወስዶ በሆዱ ይተኛል፤ ትክክለኛው ቦታ በራጅ ይለያል። 2 ሳንቲ ሜትር በምታህል ቁርጥ በኩል ከቀጭን እስከ ወፍራም ቱቦዎች ተከታትለው ይገቡና ጡንቻውን ገለጥ ያደርጋሉ። ሐኪሙም በማይክሮስኮፕ እያዩ ነርቩን በጥንቃቄ ወደ ጎን ይዘው ያፈተለከውን ቁራጭ ያወጣሉ። ዲስኩ በሙሉ አይወጣም።

በማግስቱ

ፊዚዮቴራፒስቷ ደግፋው በኮሪደሩ ተራመደ። «እግሬን ያቃጥለኝ የነበረው ጠፋ» አለኝ፣ እንባ አቅርሮ። አውራ ጣቱ ግን ገና ነው፤ የተጎዳ ነርቭ እስኪያገግም ወራት ሊፈጅ ይችላል። ለጥቂት ሳምንታት ከባድ ዕቃ ማንሳትና ጎንበስ ማለት ተከልክሏል። ያው ዲስክ ዳግመኛ ሊያፈተልክ እንደሚችልም ሳይደብቁ ነግረውናል።

ለአንባቢ

የቁርጡ ማነስ ሰውን ቶሎ ከአልጋ ያስነሣል። ከዚያ የሚቀድመው ግን ለማን ቀዶ ጥገና ይደረግ፣ ማን ይጠብቅ የሚለው ውሳኔ ነው። ይህን ውሳኔ አገር ቤት ማግኘት ይቻላል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ጋር ተባብሮ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኒውሮሰርጅኖችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። መሬት ከመሸጣችሁ በፊት ፎቷችሁን ይዛችሁ እነሱን አማክሩ። ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም ሁለቱም እግሮች ከደከሙ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።