ዓሣ በቡና አገር

ከፋ ሲባል በሰው ሁሉ ልብ ቀድሞ የሚመጣው ቡና ነው። ቀጥሎም ማሩ፣ ኮረሪማው፣ ደኑና ዝናቡ ይነሣል። ዓሣን የሚያነሣ ሰው ግን አይገኝም። እኔም ለማስተማር ወደ ዋጫ በመጣሁ ጊዜ በዚህ አገር ስለ ዓሣ እጽፋለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር። ዳሩ ግን ተማሪዬ የነበረ አንድ ወጣት ከቤቱ ጓሮ የቈፈረው ኩሬ ሁለት ዓመት ያህል ሲያሳዝነኝም ሲያስደስተኝም ስለ ቈየ፣ ከዚያ የተማርሁትን ለአንባቢ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ በኩል የሚጓዝ መንገደኛ የጎጀብን ወንዝ ሲሻገር ከፋ ይገባል። የጎጀብ ሸለቆ ቆላ ስለ ሆነ በዚያ ኮቱን ያወለቀ ሰው፣ አውቶቡሱ ዳገቱን ይዞ ወደ ቦንጋ ሲወጣ መልሶ ይለብሰዋል። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ የውሽውሽ የሻይ ተክል እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይታያል። ከዚያ አልፎ የጨና ወረዳ ዋና ከተማ ዋጫ ትገኛለች። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ አገሩም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነው። በዋጫ ዝናብ ከዓመቱ ወራት በአብዛኛዎቹ ይዘንባል። ጭቃው ጫማ ቢያስጠላም፣ ምንጩና ጅረቱ በየጓሮው ይፈሳል። ውኃ ፍለጋ ረጅም መንገድ የሚሄድ የሌላ አገር ገበሬ ይህን ቢያይ ሳይቀና አይቀርም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ውኃ ያየ ሰው «ለምን ዓሣ አይረባበትም?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው አዲስ አይደለም። በቻይና አገር ፋን ሊ የሚባል ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ስለ ዓሣ እርባታ ጽፎአል ይባላል። በዘመናችንም የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደ ገለጸው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 በዓለም ላይ በእርባታ የተገኘው ዓሣና ሌላ የውኃ እንስሳ ከባሕርና ከሐይቅ ከተጠመደው ለመጀመሪያ ጊዜ በልጦ ተገኝቷል። ዓባይን የምንጋራት ግብጽም በአፍሪካ በዓሣ እርባታ አንደኛ ናት፤ በብዛት የምታረባውም በእኛ ሐይቆች ያለውን ያንኑ ቆሮሶ ነው። እኛ ግን እስከ ዛሬ ዓሣችንን በብዛት የምናገኘው ከጣና፣ ከዝዋይ፣ ከአባያ፣ ከጫሞና እነዚህን ከመሰሉት ሐይቆች በማጥመድ ነው። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት አዋጅ ወጥቷል፤ በሰበታ ያለው የምርምር ማዕከልም ጫጩት እያራባ ያከፋፍላል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ደግሞ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር ጋር ዓሣን ወደ ገበሬው ጓሮ ለማስገባት ያሰበ ነው።

የተማሪዬም ኩሬ የመጣው በዚሁ ማዕበል ነው። ልጁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሆነለትም። ወደ ከተማ ወጥቶ የቀን ሥራ ከመፈለግ ብሎ፣ የሁለት ቀን ሥልጠና ወሰደና አባቱን ለምኖ ከጓሮው 15 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ አገኘ። በቦታው ላይ አርባ የእንሰት ተክል ነበረበት። ከፋ ውስጥ እንሰት መንቀል ቀላል ነገር አይደለም፤ እንሰት የክፉ ቀን ምግብ ነውና። አባትዮው እያንዳንዱ ተክል ሲወድቅ ዝም ብለው ቆመው እንዳዩ ልጁ ነግሮኛል።

ጫጩቶቹ በውኃና በኦክስጅን በተነፋ የላስቲክ ከረጢት ከሩቅ አገር መጡ። ቁጥራቸው ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ተብሎ 300 ነበረ። በዚያ ቀን ሹማምንት መጡ፣ ፎቶግራፍ ተነሣ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ግን ለሰባት ወር ያህል ኩሬውን ለማየት የመጣ ባለሙያ አልነበረም። እኔ በሁለተኛው ወር ሄጄ አየሁት። ከጅረቱ የተጠለፈው ቦይ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ይገባል፤ በሌላው ጫፍ ይወጣል። ውኃው ከመጥራቱ የተነሣ በሥሩ ያለው ጠጠር ይቈጠራል። አንድ ትልቅ ዛፍም ጥላውን ጥሎበታል። «ጎበዝ! ዓሣ የሚወደው እንዲህ ያለውን ንጹሕ ውኃ ነው» ብዬ አመሰገንሁት። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ልጁ ቃሌን አመነ።

በስምንተኛው ወር ኩሬው ተንጠፍጥፎ ዓሣው ወጣ። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ከ300ው የተገኙት 210 ነበሩ፤ አማካይ ክብደታቸው 90 ግራም። ተደምሮ 19 ኪሎ እንኳ አልሞላም። ከነዚህ ሌላ ከጣት የማይበልጡ ቍጥር ስፍር የሌላቸው ጫጩቶች በጭቃው ላይ ይንፈራገጡ ነበር። አንድ ምግብ ቤት ጥቂቱን ገዛ፤ የቀረውን «እሾህ ብቻ ነው» ብሎ መለሰ። አባትየው ወደ ኩሬው ተመልክተው በካፊኖኖ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተረጐመልኝ፤ «እንሰቱ ከድቶን አያውቅም ነበር» ማለታቸው ነው።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዓሣው ምን ሆኖ ቀረ? በማግሥቱ ከትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ተውሼ ሄድሁ። ኩሬው እንደ ገና ውኃ ገብቶበት ቦዩ እንደ ቀድሞው እየፈሰሰ ነበር። ለአንድ ሳምንት ያህል ጧትና ከሰዓት በኋላ ለካን። ጎሕ ሲቀድ 18 ዲግሪ፣ ከቀትር በኋላ 20 ዲግሪ። ቆሮሶ የቆላ ዓሣ ነው፤ በደንብ የሚበላውና የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውኃ ውስጥ ነው። ከ20 በታች ሲሆን ይደነዝዛል፤ ምግብ ቢሰጡትም ዝም ብሎ ያያል። አገሩ ራሱ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ እኛ ደግሞ የሌሊቱን ብርድ በቦይ እየጠለፍን፣ የቀኑን ፀሐይ በዛፍ እየከለልን፣ በብርድ ላይ ብርድ ጨምረንበታል።

ስሕተቱ በዚህ ብቻ አላበቃም። ቆሮሶ በብዛት የሚበላው በዓይን የማይታየውን፣ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ረቂቅ ዕፅ ነው። ይህ ዕፅ የሚበቅለው ውኃው ረግቶ፣ ፍግ አግኝቶ፣ ፀሐይ ሲመታው ነው። ልጁ ፍግ ይጨምር ነበር፤ ነገር ግን የሚፈሰው ውኃ ዕለቱን ጠርጎ ወደ ጎረቤት ጎመን ይወስደዋል። እኔ «ንጹሕ» ብዬ ያመሰገንሁት ውኃ ለካ ባዶ ገበታ ነበረ! ይህን ለልጁ ስነግረው አልተቈጣኝም። «መምህር፣ እንግዲህ ሁለታችንም ወድቀናል» ብሎ ሣቀ።

ሦስተኛው ነገር የጫጩቱ ብዛት ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ ጫጩቶቿም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ይድናሉ። በሐይቅ ውስጥ ይህ መልካም ነው፤ በጠባብ ኩሬ ውስጥ ግን የአንድ ቤት ምግብ ለመንደር እንደ ማካፈል ይሆናል። ሁሉም ይኖራል፤ አንዱም አያድግም። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ አንደኛው ጫጩቱን የሚበላ አምባዛ አብሮ ማርባት፣ ሁለተኛው ወንዱን ከሴቷ ለይቶ ወንዱን ብቻ ማሳደግ። የአምባዛ ጫጩት ፈልገን አጣን። አምባዛ በኩሬ ውስጥ እንደ ቆሮሶ በቀላሉ አይራባም፤ ጫጩቱን የሚያወጣለት የሠለጠነ ሰውና ቦታ ይፈልጋል። እንግዲህ የቀረው ሁለተኛው ነው።

አንድ ቅዳሜ አሥራ ሁለት ተማሪዎች የእጅ አጉሊ መነጽር ይዘው ከእኔ ጋር ወደ ኩሬው ወረዱ። ዓሣው 30 ግራም ያህል ሲደርስ ሆዱን ገልብጠው ቢያዩት ወንዱ ሁለት ቀዳዳ፣ ሴቷ ሦስት ቀዳዳ እንዳላቸው ይታያል። በመጽሐፍ ላይ ለማየት የሚሰለቹት ልጆች እስከ ጕልበታቸው ጭቃ ገብተው እስኪመሽ ለዩ። መቶ ሃያ ወንዶች ወደ ኩሬው ተመለሱ። ሴቶቹን የልጁ እናት ጠብሰው ከቆጮ ጋር አቀረቡልን። «አስተማሪው ይብላ፤ ይህን ጉድጓድ ያስወደደን እሱ ነው» አሉ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስካሁን አላወቅሁትም።

በዚህ በሁለተኛው ዓመት ኩሬው ሌላ ሆነ። ቦዩ ተዘጋ፤ የሚከፈተው በፀሐይና በሥርገት የጐደለውን ለመሙላት ብቻ ነው። የዛፉ ቅርንጫፍ ተቈረጠ። በኩሬው አንድ ማዕዘን በእንጨት ታጥሮ የከብት ፍግና ሣር ይጨመርበታል። ከገበያ ፉርሽካና ፋጉሎ፣ ከጎረቤት የጠላ አተላ ይመጣል። ልጁ በየጧቱ ክንዱን እስከ ክርኑ ወደ ውኃው ይነክራል፤ መዳፉ ከታየው ፍግ ይጨምራል፣ ካልታየው ይተዋል። ውኃው ከመጠን በላይ አረንጓዴ በሆነ ጊዜ ዓሣው ጎሕ ሲቀድ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍት ነበር። ጎረቤቶች «ሊናገር ነው» ብለው ተገረሙ፤ ነገሩ ግን በሌሊት ኦክስጅን ስላጠረው ነው። ያን ጊዜ ቦዩ ለጥቂት ሰዓት ይከፈትና ፍጉ ይቀነሳል። አቆስጣ እንዳይገባ ዙሪያው በእሾህ ታጥሯል፤ ጎርፍ ግድቡን እንዳይጥሰውም ከላይ በኩል የውኃ መቀልበሻ ቦይ ተቈፍሯል። ቴርሞሜትሩ ፀሐይ በወጣበት ቀን ከሰዓት በኋላ 24 ዲግሪ ያሳያል።

በስድስተኛው ወር ዐሥር ዓሣ አጥምደን መዘንን፤ በአማካይ 140 ግራም ሆነ። ይህ ገና ትልቅ ዓሣ አይደለም። ጎጀብን በመሰለ ቆላ ያለ ገበሬ ይህን ያህል ሳይደክም ከዚህ የተሻለ ሊያገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ደጋና ወይና ደጋ ላይ ኩሬ ከማብዛት በፊት ቦታ መምረጥ ያስፈልጋል። ገበያውም ገና ነው። በጾም ወራት ዓሣ የሚበላ ሰው ይፈልጋል፤ የማይበላም አለ፤ ከጾም ውጭ ግን ዓሣ ከሥጋና ከዕንቁላል ጋር መወዳደር አለበት። በረዶ በሌለበት አገር ዓሣው የሚጠመደው ገዢው ከታወቀ በኋላ ነው። በቦንጋ ዩኒቨርሲቲ፣ በሚዛን ከተማና በመንገዱ ላይ ያሉ ምግብ ቤቶች ሊገዙ ይችላሉ፤ ዳሩ ግን አንድ ኩሬ ብቻውን አይበቃቸውም። አሥር ጎረቤቶች ተባብረው በተራ ቢያወጡ በየሳምንቱ ዓሣ ሊኖር ይችላል። እስከዚያው ኩሬው ያተረፈው በማይታሰብ በኩል ነው፤ አረንጓዴው ውኃ በየጊዜው ወደ ታች እየተለቀቀ የሚያጠጣው ጎመንና ቀይ ሽንኩርት ከዓሣው በፊት ገበያ ደርሷል። አባትየው ይህን አይተው ሌላ አንድ ዓመት ሰጥተዋል። ከዚያ ወዲያ እንሰቱ ይመለሳል ብለዋል፤ እኔም ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይመስሉኝም።

አንባቢዬ ተማሪ ከሆንህ ወይም በወረዳ መሥሪያ ቤት አዲስ የተቀጠርህ ሠራተኛ ከሆንህ፣ ነገሩ አንተንም ይመለከታል። በዋጫ የጐደለው ውኃ አይደለም፤ ጉልበትም አይደለም፤ በጎ ፈቃድም አይደለም። የጐደለው ኩሬው በተመረቀ በሁለተኛው ወር ቴርሞሜትር ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ባዶ እጄን ሄጄ የማላውቀውን አመሰገንሁ፤ በዚህም አንድ ገበሬ አርባ እንሰትና የስምንት ወር ድካም አወጣ። መለኪያው ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ በቤተ ሙከራችን መሳቢያ ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ የተቀመጠ ስንት መሣሪያ እንዳለ አንባቢ ይገምት።

ይህን በምጽፍበት ሳምንት ዝናቡ ጋብ ብሏል። ልጁ መረቡን እየጠገነ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ኩሬው እንደ ገና ይንጠፈጠፋል። በዚህ ጊዜ ሚዛኑን የሚይዙት አባቱ ናቸው።