እግረኛው ምን ጋሻ አለው?

የትራፊክ አደጋ ዜና ስትሰማ አንዲትን ሐረግ ልብ ብለህ ታውቃለህን? «በእግረኛው ላይ አደጋ ደረሰበት» ትላለች። ማን እንዳደረሰበት፣ በምን ፍጥነት ሲነዳ እንደነበር ብዙ ጊዜ አትነግርህም። አደጋው ራሱ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ይመስላል።

መንገዱ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ሲኖትራክ የሚነዳው ሰው ዙሪያውን ብረት አለው። ሚኒባስ የተሳፈረው ቢያንስ ቆርቆሮ ይከልለዋል። የባጃጁ መንገደኛ ሸራ፣ ሞተረኛው ካደረገ የራስ ቁር አለው። ከመድረሳ የሚመለሰው ሕፃንስ? ኩንታል ተሸክሞ አንገቱን ማዞር የተሳነው ኩሊስ? ከቆዳው በቀር ምን አለው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ በ2021 በዓለም መንገዶች ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው።

እስቲ አንዲት ሒሳብ አብረን እንሥራ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና በአንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ ሕፃኑን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ያች ሰከንድ አልፋለች። በ30 ቢነዳ 8 ሜትር ብቻ በሄደ ነበር። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህንን ደግሞ የሚቀበለው የሰው አጥንት ነው።

በሰፈራችን አንድ ሸክም አውራጅ ዜብራ ላይ ተገጭቶ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ «ቀደር ነው» ተባለ፤ ለሕክምና ጥቂት ብር ተሰጠና ነገሩ አለቀ። ባለቤቱ ዛሬ እንጀራ እየሸጠች አራት ልጆች ታሳድጋለች። ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ሕግ እንደሚያስገድድ ከሽማግሌዎቹ አንዱም አልነገራትም።

ቀደርማ ነው፤ ማን ይክዳል? ነገር ግን ሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 92ን አንብብ። በስሕተት ነፍስ ያጠፋ እንኳ፣ ቤተሰቡ ካልማረው በቀር ካሳ አለበት፤ ከፋራም አለበት። «አላሰብኩም ነበር» ማለቱ ዕዳውን አልሰረዘለትም። ታዲያ ቀደር የሚለውን ቃል ለገጪው ምሕረት፣ ለተገጪው ዝምታ ያደረግነው እኛ አይደለንምን?

እግረኛው አያጠፋም አልልህም። ስልኩን እያየ የሚሻገር ሞልቷል። የእግረኛ ድልድይ እያለ ከሥሩ የሚያቋርጠውም እንዲሁ። ብቻ ጉልበቷን የሚያማትን አሮጊት ያን ሁሉ ደረጃ እንድትወጣ ያደረግናት፣ መኪናው ለአፍታ እንዳይቆም ብለን መሆኑን አትርሳ።

ባለፈው ጁሙዓ ከመስጂድ ስንወጣ ቆጠርኩ። መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ሰባት መኪኖች የእግረኛውን መንገድ ዘግተው ቆመዋል፤ ባለቤቶቹም አብረውን የሰገዱ ነበሩ። ዓይነ ስውር አባቱን የሚመራ አንድ ልጅ ከፊቴ ይሄድ ነበር። ሰባት ጊዜ አባቱን ይዞ ወደ አስፋልቱ ወረደ።