«መካነ ሰላም» የሚል ጀበና

በየቤታችን ቡፌ ውስጥ ቡና ተቀድቶባቸው የማያውቁ ሲኒዎች አሉ። እናቶቻችን ለበዓል ያወርዷቸውና አጥበው፣ አድርቀው መልሰው ይደረድሯቸዋል። ልጅ ከነካቸው ጉድ ይፈላል! አብዛኞቹ የቻይና ናቸው። «ሲኒ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም «የቻይና» ማለት ነው።

እኔም የመደርደር አመል አለብኝ፤ የኔ ግን ጀበና ነው። ከሄድኩበት ከተማ ሁሉ የጣት ቁመት ያላት ጀበና ይዤ እመለሳለሁ። ታዲያ ከተደረደሩ በኋላ የትኛዋ ከየት እንደመጣች አትለይም። ቢጻፍባቸው የሚጻፈው «ኢትዮጵያ» ብቻ ነው።

እንግሊዞች ለዚህ መላ ነበራቸው። ስቶክ ኦን ትሬንት በምትባለው የሸክላ ከተማ ዊልያም ሄንሪ ጎስ የሚባል ባለ ፋብሪካ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ልጁ አዶልፈስ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ በባቡር ሽርሽር የሚወጣው ሕዝብ የደረሰበት ከተማ አርማ የተሳለባት፣ ኪስ የምትገባ የፖርሴሊን ዕቃ ይዞ ቢመለስስ? ደንቡም ጥብቅ ነበር። የከተማው አርማ ያለበት ዕቃ የሚሸጠው እዚያው ከተማ ብቻ ነው። ሰዉ አበደላት። በ1904 እ.ኤ.አ. ሰብሳቢዎቹ ማኅበር እስከ ማቋቋም ደረሱ።

እኔን የገረመኝ ቅርጹ ነው። ብዙዎቹ በየአካባቢው ከመሬት ተቆፍረው የወጡ የጥንት ማሰሮዎችና እንስራዎች ቅጂ ናቸው። ስሙ የጠፋ ሸክላ ሠሪ የከተማው መታወቂያ ሆነ ማለት ነው።

እስቲ ወደኛ እንምጣ። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም የሚገባ እንግዳ፣ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ካየ በኋላ ምን ይዞ ይመለስ? «የሰላም ቦታ» የሚል ስም ያላት ከተማ ጀበና ላይ ብትጻፍ ማን ይጠላል? ማተሚያ ቤት አያሻም፤ ጭቃው ሳይተኮስ በእሾህ ቢጫር ይበቃል።

እኛ ሸክላ ሠሪዋን ፍለጋ መሬት መቆፈር የለብንም። ገበያ ዳር ምጣዷንና ጀበናዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። በምጣዷ እንጋግራለን፣ በጀበናዋ እናፈላለን፤ ዞር ስትል ግን «ቡዳ» የሚላት አይጠፋም። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ መቶ ዓመት አለፈው፤ ስድቡ ግን ዛሬም አልሞተም። የማናውቀው ሰው የሠራውን ሲኒ ቡፌ ውስጥ ቆልፈን እንጠብቃለን፣ የምናውቃትን ሴት ግን በሥራዋ እናሸማቅቃለን። አይገርምም እናንተዬ?

ስለዚህ የጀበናዋ አንገት ላይ «መካነ ሰላም» ይጻፍ፤ የምትሸጠውም እዚያው መካነ ሰላም ብቻ ይሁን። መቀመጫዋ ሥር ደግሞ የሠሪዋ ስም ይኑር። ስሟን ከነሥራዋ ወስደን ሳሎናችን ውስጥ ካስቀመጥን በኋላ፣ እሷን መስደብ ትንሽ ይከብደን ይሆናል።