ሚስተር የአያቴ ስም

ለንደን ውስጥ ለሥራ ያመለከተ ሐበሻ ሁሉ ይህን ደብዳቤ ያውቀዋል። «ውድ ሚስተር» ብሎ ይጀምርና የአባታችሁን ስም ይጠራል። የኔ ይባስ ብሎ ፓስፖርቴ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የገባው የአያቴ ስለሆነ፣ ደብዳቤው የሚመጣው በእሳቸው ስም ነው። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከአገር ወጥተው አያውቁም። በእኔ ምክንያት ግን ለንደን ውስጥ የባንክ ሒሳብና የላይብረሪ ካርድ አላቸው።

ቀልድ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። እኛ ዘንድ «አቶ» የሚቀድመው የሰውየውን የራሱን ስም ነው፤ የአባት ስም የማን ልጅ እንደሆነ መንገሪያ እንጂ መጠሪያ አይደለም። ሴት ብታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች። ስለዚህ እናቴና እኔ በወረቀት ላይ አንድም የምንጋራው ስም የለንም። ለምርቃቴ እንድትመጣ የግብዣ ደብዳቤ ስጽፍላት እናቴ መሆኗን ለማስረዳት አንድ ሙሉ አንቀጽና የተተረጎመ የልደት ሰርተፍኬት አስፈልጎኛል።

ዓለም መማር ይችላል ለማለት ግን ማስረጃ አለን። የዓለም ጤና ድርጅትን እ.ኤ.አ ከ2017 ጀምሮ የሚመሩት ቴድሮስ አድኃኖም በድርጅቱ መግለጫዎች ውስጥ «ዶክተር ቴድሮስ» ናቸው፤ ጋዜጠኞችም በዚሁ ይጠሯቸዋል። ሯጩ ኃይሌ ገብረሥላሴ ይህ ዕድል አልገጠመውም። የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ለተከታተለው ሰው ያን ሁሉ ክብረ ወሰን የሰበሩት አባቱ ይመስላሉ።

በዚህ ከተማ ስለ ስም ሲነሳ ሁልጊዜ ትዝ የሚሉኝ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እ.ኤ.አ በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ገና ሕፃን ሳሉ የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዷቸው፤ እዚያም ቻርልስ ማርቲን ተባሉ፣ ሕክምናም ተማሩ። ከብዙ ዓመት በኋላ አገራቸው ሲመለሱ ዘመዶቻቸው ለይተዋቸው ወርቅነህነታቸውን መልሰው አገኙ። ጣልያን በወረረን ጊዜ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው የተከራከሩልን እሳቸው ናቸው። ለእንግሊዞቹ «ዶክተር ማርቲን»፣ ለእኛ «ሐኪም ወርቅነህ»። ሁለቱን ስም ጎን ለጎን ይዘው ነበር የሚኖሩት። በየትኛው ሲጠሩ ቶሎ ዞር ይሉ እንደነበር ብጠይቃቸው ደስ ባለኝ።

ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ለመጡ ቡና ላኪዎች ለሁለት ቀን አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቼ ነበር። አባትና ልጅ ናቸው። ልጅቷ ሒሳቡንና ውሉን ትይዛለች፣ አባትየው ቡናውን ያውቃሉ። ገዢዎቹ ስብሰባውን በጥንቃቄ ነው ያዘጋጁት፤ በየወንበሩ ፊት የስም ካርድ አለ። በአባትየው ካርድ ላይ የአባታቸው ስም፣ በልጅቷ ካርድ ላይ ደግሞ የእሳቸው ስም። እንግሊዞቹ ሁለቱ ዝምድና እንዳላቸው እንኳ አልገባቸውም። ከዚያ «ሚስ እገሌ፣ ዋጋውን ቢያብራሩልን» ባሉ ቁጥር አባትየው ስማቸው ሲጠራ ቀና ይላሉ፣ ልጅቷ ትመልሳለች፣ እሳቸውም መልሰው ያቀረቅራሉ። በእረፍቱ ሰዓት ልጅቷ እስክሪብቶ ተቀብላኝ የሁለቱንም ካርድ ገለበጠችና የየራሳቸውን ስም ጻፈችበት። ማንም ቅር አላለውም። እንዲያውም ከገዢዎቹ አንዱ የራሱን ካርድ ገልብጦ እንደሷ አደረገ።

ሻይ ላይ ችግር አልነበረም። ቀድሜ ለአስተናጋጇ «አንዴ እምቢ ቢሉሽ ድጋሚ ጠይቂያቸው» ብያት ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጠየቀቻቸው። በቡና ቅምሻው ላይ ደግሞ በማንኪያ እየሳቡ ድምፅ ማሰማት ግዴታ ነው። ማዕድ ላይ ብናደርገው እናቶቻችን የሚቆጡበት ነገር እዚያ የሙያ ሥርዓት ነው፤ ከሁሉም ጮክ ብለው የሳቡት አባትየው ነበሩ።

የከበደው መጨረሻው ነው። ዋጋው ከተነገረ በኋላ የገዢዎቹ ኃላፊ ፈገግ ብሎ «በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ በእርግጠኝነት እንመለስበታለን» አለ። ቃል በቃል ተረጎምኩት። አባትየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ተስማሙ ማለት ነው?» አሉኝ።

«አይመስለኝም፣ ጋሼ።»

«አይሆንም ያለው መቼ ነው ታዲያ?»

«እርስዎስ ለእንግዳ አይሆንም ብለው ያውቃሉ?»

ሳቁ። ይሉኝታ የኛ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ፈረንጅም የራሱ አለው። አዲስ አበባ ላይ «እናስብበታለን»፣ ለንደን ላይ «እንመለስበታለን»፤ አገር ቤት ብንሰማው ወዲያው የሚገባን እምቢታ በእንግሊዝኛ ሲመጣ እሺታ ይመስለናል፤ እነሱም የኛን «እሺ» እንደዚያው ይሰሙታል። ስንት ቃል እንደዚህ አየር ላይ እንደቀረ እግዜር ይወቀው። አስተርጓሚ ከቃሉ አልፎ መናገር ይገባዋል ወይ የሚለው ክርክር ያለበት ነገር ነው። እኔ ቃሉን ሳልለውጥ ለጠየቁኝ መመለስ ይበቃል ባይ ነኝ።

አባትየው ዝም ብለው ቆዩና በራሳቸው መንገድ ገቡበት። «ልጄ፣ እንዲህ በልልኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ሁለተኛ ለንደን ላልመጣ እችላለሁ። የከበዳችሁ ዋጋው ነው ወይስ ሌላ?» ተረጎምኩት። ኃላፊው ትንሽ ቀላ፣ ባልደረቦቹን አየ፣ ከዚያ ተናገረ። ዋጋው አልነበረም። ከዚህ በፊት ከሌላ ሻጭ የተጫነላቸው ቡና ቀድሞ ከቀመሱት ናሙና ጋር አልገጠመም፤ ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ሌላ ናሙና ለንደን ደርሶ እስኪቀምሱት መፈረም አይፈልጉም። ልጅቷ ማስታወሻዋን ገልጣ በስንት ቀን እንደሚደርስ ነገረቻቸው። በዚያው ቀን አልፈረሙም። ናሙናው ግን ሄዷል፤ ጥቂት ከረጢት እንደታዘዘም ሰምቻለሁ።

እናቴ ይህን ሁሉ በስልክ ስነግራት የያዘችው ሌላ ነገር ነው። አለቃዬን በስሙ ስጠራው ሰምታ «ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ። ስልሳ ሳይሆነው አይቀርም አልኳት።

«አንተ ነው የምትሉት?»

«እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ የለውም፣ እማዬ።»

«ታዲያ በምን ይከባበራሉ?»

ሰዓት በማክበር፣ ከንግግር በፊት «ይቅርታ» በማለት፣ ስብሰባ ላይ የሰው ንግግር ባለማቋረጥ፣ እያልኩ ዘረዘርኩላት። አላሳመንኳትም መሰለኝ። ኃላፊው የአዛውንቱን ካፖርት ይዞ እስኪለብሱ እንደጠበቃቸው ስነግራት ግን «እሱስ ያሳደገው ሰው አለ» አለች።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የምርቃት ቅጽ አለ። በዲግሪው ላይ የሚታተመውን ስምና መድረክ ላይ እንዴት እንደሚነበብ ይጠይቃል። አንዳንድ ጓደኞቻችሁ የአባትና የአያትን ስም በሰረዝ አያይዘው እንደገላገሉት አውቃለሁ፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ሦስቱንም ስም ሳልቆርጥ ጻፍኩ፤ አነባበቡ በሚለው ሳጥን ውስጥ ደግሞ የራሴ ስም ላይ ጠበቅ አድርገው እንዲያነቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ከፋፍዬ አስቀመጥኩላቸው። ቅጹ የሚመለሰው እስከ ዓርብ ነው።