አውሮፕላኑ የማን ነው?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ ስለ ልጅ መጫወቻ ነው። መጫወቻ ነው ብላችሁ ገጹን አትለፉት። እኔም ነገሩን ንቄው ነበር፤ የስድስት ዓመት ልጄን አስለቅሼና ራሴም አፍሬ ነው የተማርኩት።

ልጄ አውሮፕላን ይወዳል። ቤታችን ከስኔሊንግ አቨኒው ብዙ ስለማይርቅ ወደ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርዱትን አንጋጦ ሲቆጥር ይውላል። ለልደቱ ተገጣጣሚ አውሮፕላን ልገዛለት ቃል ገባሁና እጁን ይዤ እዚያው ስኔሊንግ ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ መደብር ገባን። ልጄ ገና ከበሩ ሳንርቅ ባልሳ ከሚባለው፣ ከቡሽ ከቀለለ እንጨት የተሠራች አንዲት ስስ አውሮፕላን አነሳ። ዋጋዋ ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም። «አባዬ፣ ይቺን!» አለኝ።

የእኔ ዓይን ግን ሌላ ቦታ ነበር። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ዲሲ-3 ተቀምጧል! በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የዚሁ አውሮፕላን የጦር ሠራዊት ዓይነት በሆነው በሲ-47 ነው። ጅራቱን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀብተን ሳሎን ውስጥ ስንሰቅለው፣ እንግዳ ሲመጣም ልጄ በጠራ አማርኛ ታሪኩን ሲያስረዳ ታየኝ። የእንጨቷን አውሮፕላን ከእጁ ተቀብዬ ቦታዋ መለስኩና ትልቁን ሣጥን ገዛሁ። ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ዕድሜ አይቼዋለሁ። «የሀበሻ ልጅ ብልህ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ማታ ሣጥኑን ፈታን። 1/72 ማለት ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው፤ 29 ሜትር የነበረው ክንፍ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ታዲያ ክንፉ እንዲህ ካነሰ መሪውና ጎማው ምን ሊያክሉ ነው? በወረንጦ ካልሆነ የማይያዙ ቁርጥራጮች ጠረጴዛውን ሞሉት። ማጣበቂያውም እንደ ተራ ሙጫ አይደለም፤ ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያያይዘው፣ ሽታውም መስኮት ያስከፍታል። ልጄ ጣቱን ነክሮ የአብራሪውን መስኮት ሲነካው መስታወቱ ደፈረሰ። «አትንካ!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ «አትንካ፣ አትነቅንቅ፣ ቆይ» ሆነ። ልጁ ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር ከትቶ ተቀመጠ። ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣

«አባዬ፣ አውሮፕላኑ የማን ነው?» አለኝ።

«ያንተ ነዋ!»

«ታዲያ ለምን አልነካውም?» ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ልጁ እኮ አውሮፕላን ግዛልኝ እንጂ አገር ግዛልኝ አላለህም» ብላኝ ልጇን አቅፋ ወደ መኝታው ወሰደችው። መልስ አልነበረኝም።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጅ ሳለሁ የሠራኋት የሽቦ መኪና ትዝ አለችኝ። ጎማዋ ቆርኪ ነበር፤ ወደ ግራ ትጎትታለች። ነገር ግን ማንም «አትንካ» ያላለኝ የራሴ መኪና ነበረች። ደግሞም አሰብኩ፤ በአገራችን ምድር የተሠራችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላንስ ቢሆን ትልቅ ነበረች እንዴ? በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠሯት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው «ፀሐይ» ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ነበረች። ጣሊያን ወስዷት ከ80 ዓመት በላይ ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ለባለቤቷ ተመለሰች። ጣሊያን እንኳን የወሰደውን ከመለሰ እኔ ከልጄ እጅ የወሰድኩትን የማልመልስበት ምን ምክንያት አለ?

በማግስቱ ተመልሰን ያቺኑ የእንጨት አውሮፕላን ገዛን። ክንፏንና ጅራቷን በተቆረጠላቸው ቀዳዳ ማስገባት ብቻ ነው፤ ሙጫ የለ፣ ምላጭ የለ። ልጄ ራሱ በአምስት ደቂቃ ጨረሳት። ከሃምላይን ዩኒቨርሲቲ ዝቅ ብሎ ስኔሊንግ ዳር ወዳለው ሜዳ ሄድን። መጀመሪያ አፍንጫዋን ወደ ላይ ሰቅላ ቆም አለችና ወደቀች። ክንፏን ጥቂት ወደ ኋላ ገፋ አደረገው። አሁን ደግሞ ቶሎ ወደ መሬት ተደፋች፤ በጣም አብዝቶት ነበርና ትንሽ ወደ ፊት መለሰው። በአራተኛው ውርወራ ቀጥ ብላ ሜዳውን አቋረጠች። «አባዬ፣ እኔ ነኝ ያስተካከልኳት!» እያለ ሲሮጥ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ ነበር።

ልጅ ላላችሁ ወገኖቼ የምለው ይህን ነው። ሣጥኑ ላይ ያለው ዕድሜ ለጌጥ አልተጻፈም፤ አንብቡት። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ ጥቃቅኑ ነገር ጉሮሮ ይዘጋልና ከሩቁ ይቅር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁርጥራጩ ጥቂት የሆነ፣ ያለ ሙጫ ተጋጥሞ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ፣ ቢሰበር የማያስቆጭ ይሁን። ሙጫውና ቀለሙ ዓመታት ቆይተው ይደርሳሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ! ከሁሉም በላይ የሚመርጠው ልጁ ይሁን።

ዲሲ-3 አሁን ሣጥኑ ውስጥ ተመልሶ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ልጄ አሥር ዓመት ሲሞላው፣ እሱ ከጠየቀኝ፣ አብረን እንጨርሰዋለን። ባለፈው እሑድ ግን ቀለሙን አውጥቶ የእንጨቷን ክንፍ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሲያሰምር አገኘሁት። መስመሩ ተወላግዷል። ላስተካክልለት እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት።

ቸር ይግጠመን።